አሥራ ሁለቱ ሳጥኖች

መስከረም 18 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

ካለህበት ጤናህ እንደምን ሰነበተ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን መሰላል ስወጣ ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይቅናህ።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን መስመሩ ይቆራረጣል። ደግሞ ታውቀኛለህ፣ በስልክ የተነገረ ነገር ለእኔ እንዳልተነገረ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ወረቀት ያገላበጠ ሰው ጆሮውን አያምንም። ስለዚህ ጽፌልሃለሁ፤ አንተም ጽፈህ መልስልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታላችን ኮምፒዩተር ሊያስገባ ነው። ለሒሳብ ክፍሉ አይደለም፣ እነሱማ ድሮም አላቸው። ለእኛ ነው፣ ለካርድ ክፍል። ባለፈው ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም አዳራሽ ሰብስቦ፣ «ከእንግዲህ ይህ ተቋም በመረጃ ሥርዓት የሚመራ ዘመናዊ ተቋም ይሆናል» አለ። አጨበጨብን። ቀጥሎ፣ «ካርድ ክፍል ካሉት አራት ሠራተኞች ፈተናውን ያለፉ ሁለቱ ይቀራሉ» ሲል እኛ አራታችን እጃችንን ሰበሰብን። ሌላው ሰው ማጨብጨቡን ቀጠለ።

ክፍሉን አትረሳውም። እናታችን የሞተች ጊዜ ከትምህርት ቤት እየመጣህ መደርደሪያዎቹ መሀል ቁጭ ብለህ የቤት ሥራህን ትሠራ ነበር። ያኔ ካርዱ ዘጠኝ ሺህ አይሞላም። አሁን አርባ አንድ ሺህ ነው። አንድ በሽተኛ ቁጥሩ ጠፍቶበት ስሙን ብቻ ይዞ ቢመጣ ከሁለት ደቂቃ በላይ አላስቆመውም። ግን ማውዝ ይዤ አላውቅም።

ሻምበል የምንለው አብሮኝ የሚሠራው ሰውዬ (ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ አረማመዱ ነው) ምን አለኝ መሰለህ፤ «አንቺማ ምን አለብሽ፣ ኢንጂነር ወንድም አለሽ። የእኔ ወንድም ፀጉር አስተካካይ ነው። ቢበዛ ለፈተናው ቀን አምሮብኝ እገባለሁ።»

ገንዘብ አትላክልኝ። ባለፈው የላክኸው ጣሪያውን አስጠግኖ ተርፎኛል። ዘንድሮ የምለምንህ እውቀት ነው። ስንት ዓመት የሠራህበትን ነገር ከሀ ጀምረህ አስረዳኝ። ፈተናው ኅዳር መጀመሪያ ነው። ከወደቅኩ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ቤት መቀመጤ ነው።

እህትህ

ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድሽ ለእትዬ፤

እንደ እናትም እንደ አባትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። መልሴ ትንሽ የዘገየው ሥራ ስለበዛብኝ ነው፤ እዚህ ሥርዓቱ ለሰው ደቂቃ አያተርፍም።

አትፍሪ። አንቺ የመረጃ ሥርዓት ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ኖረሻል፤ ስሙን አልነገሩሽም እንጂ። ሰው ሁሉ የመረጃ ሥርዓት ሲባል ኮምፒዩተሩን ያስባል። ኮምፒዩተሩ ከአምስት ነገሮች አንዱ ነው። ማሽኑ አለ፣ ማሽኑን የሚያዘው ፕሮግራም አለ፣ ዳታው አለ፣ የአሠራር ደንብ አለ፣ ሰው አለ። ይህን ከጠየቁሽ በዚሁ ቅደም ተከተል ጻፊላቸው።

ሁለተኛ፣ ዳታና መረጃ አንድ አይደሉም። ይህ ፈተና ላይ አይቀርም። «ሠላሳ ዘጠኝ» ብቻውን ዳታ ነው፤ ምን እንደሆነ አይታወቅም። «አልጋ ቁጥር ሰባት ላይ ያለው ሰው ዛሬ ጠዋት ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ደርሷል» ስትዪ መረጃ ሆነ፤ አንድ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ የሚያደርገው ነገር አለ። ድርጅት ይህን ሁሉ ወጪ የሚያወጣው ትክክለኛው መረጃ ለትክክለኛው ሰው በሰዓቱ እንዲደርስ ነው።

እኔ ያለሁበት ድርጅት ሕንፃው ከጫፍ እስከ ጫፍ አይታይም። ሥርዓቱ የትኛው ዕቃ በየትኛው መደርደሪያ ስንተኛ እርከን ላይ እንዳለ ያውቃል። ማን ሠራተኛ የት እንደቆመም ያውቃል። ብታዪው ትገረሚ ነበር።

ለመለማመጃ ኪቦርድ ከሌለሽ ፊደሎቹን በቅደም ተከተላቸው ካርቶን ላይ ሥዪና ማታ ማታ ጣትሽን አስለምጂው። የጠፋብሽን ሁሉ ጻፊልኝ፤ እመልስልሻለሁ።

ሻምበልን ሰላም በይልኝ። ፀጉሩ ብቻውን እንደማያሳልፈው ንገሪው።

ታናሽ ወንድምሽ

ኅዳር 19 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለመምህሬም፤

ጤናህን እንደ ሁልጊዜው አብዝቶ ይስጥህ። ክፍሉን በሙሉ በልጬ አንደኛ ወጣሁ! አምስቱን ነገሮች ጠየቁ፤ በቅደም ተከተል ደረደርኩላቸው። የዳታና የመረጃውን ልዩነት በራሴ ምሳሌ ጻፍኩ። ፈታኙ፣ «የት ተማርሽ?» አለኝ፤ «ቤት» አልኩት። የካርቶኑ ኪቦርድ ቀዳዳ እስኪወጣው ነው የመታሁት።

ሻምበል ወደቀ። በሚቀጥለው ወር ጡረታ ይወጣል። «ወንድምሽን ለአንድ ሳምንት ብታውሺኝ ምን ነበረበት» ብሎ ስቆ ወጣ። ውጪ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም በመስኮት አይቼዋለሁ።

አሁን የምጽፍልህ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ልብ ብለህ አንብበው።

ሥርዓቱን የሚተክለው ባለ ላፕቶፑ ሰውዬ መጥቷል። ለእያንዳንዱ በሽተኛ ስክሪኑ ላይ አሥራ ሁለት ሳጥን አለ። ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የካርድ ቁጥር፣ የመጣበት ቀን፣ የታየበት ክፍል፣ በሽታው፣ የሚመለስበት ቀን። አርባ አንዱን ሺህ ካርድ ከዚህ ውስጥ እየሞላን ነው። ለዚህ ሥራ የተቀጠሩ አሥር ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይመታሉ።

ለቀዩ መስመር ግን ሳጥን የለም።

ስለሱ ነግሬህ አላውቅም መሰለኝ። በራችንን የሠራውን አናጢ ታስታውሰዋለህ፤ ጆሮው ላይ እርሳስ የሚሰካው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሚስማር ወግቶት መጣና ፔኒሲሊን ወጉት። ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠፋ፣ ትንፋሹ ተዘጋ፣ ለጥቂት ተረፈ። ሐኪሙ ከውስጥ ጽፎታል። ግን ሁለት ጣት የሚወፍር ካርድ ውስጥ የሐኪም ጽሑፍ ማን ፈልጎ ያነባል? እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ሲያጋጥመኝ ሽፋኑ ላይ በቀይ እርሳስ ከጥግ እስከ ጥግ አሰምርና ከሥሩ የመድኃኒቱን ስም እጽፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ነርሶቹ ለመዱት፤ ቀይ ያለበት ካርድ ሲመጣ ሽፋኑን ሳያነቡ መርፌ አያነሱም። ባለፈው ሳምንት ቆጠርኳቸው፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው።

ባለ ላፕቶፑን ጠየቅኩት። «እናቴ፣ የተዋዋልኩት ለአሥራ ሁለት ሳጥን ነው። አሥራ ሦስተኛ ካስፈለገ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ይጻፍልኝ» አለ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ። «ኢንጂነር ወንድም እያለሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ግን፣ «ፈተናውን ካለፍሽ ወዲህ የካርድ ክፍል ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። አስፈላጊው ሁሉ ተዛውሯል ብለሽ ፈርሚ፤ ካርዶቹ ይቃጠላሉ፤ ክፍሉን ለራጅ እንፈልገዋለን» አለኝ። አዲሱ የራጅ ማሽን ከነሳጥኑ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሰው እያደናቀፈ ነው።

እንግዲህ ንገረኝ። ሽፋኖቹ እንኳ አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጡልኝ ብዬ ልከራከር? ወይስ ልፈርም? እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይጠብቁኛል። ያልከኝን አደርጋለሁ።

እህትህ

ታኅሣሥ 5 ቀን

ለእትዬ፤

እንኳን ደስ ያለሽ! አንደኛ መውጣትሽን ሳነብ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ጮህኩ፤ ጎረቤቴ ግድግዳ መታ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ገና ብዙ ታሳዪናለሽ።

ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። ፈርሚ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። አንድ መረጃ መቀመጥ ያለበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ግማሹ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ ግማሹ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ ሁለቱም አይታመኑም። ሰው አንዱን አይቶ ሌላውን ይረሳል። ይህ በሙያችን የታወቀ ነው። ሥርዓቱን የነደፉት ሰዎች አሥራ ሁለት ያሉት አሥራ ሦስት መቁጠር አቅቷቸው አይደለም። ከአንቺና ከእኔ በፊት ብዙ ሆስፒታል አይተዋል፤ ሳጥን ያልሠሩለት ነገር ለሥርዓቱ የማያስፈልግ ስለሆነ ነው። የመድኃኒቱ ጉዳይ የሐኪሞቹ ነው፤ እነሱ በራሳቸው መንገድ ያውቁታል።

አትቆጪኝና፣ ያስቸገረሽ ቀዩ መስመር አይመስለኝም። የራስሽን ሥራ ስለወደድሽው ነው። አሮጌው አሠራር ሲቀየር ሁሉም ሠራተኛ እንዲህ ይሆናል፤ ስምም አለው፣ ለውጥን መፍራት ይባላል። አንቺ የካርድ ክፍል ኃላፊ ነሽ፤ ቁም ሣጥን ይሰጠኝ ብለሽ ባለ ላፕቶፑ እንዲስቅብሽ አልፈልግም።

አይዞሽ። ስትፈርሚ እጅሽ አይንቀጥቀጥ።

ወንድምሽ

ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

ሰላምህ ይብዛ። እንዳልከኝ ፈረምኩ።

ካርዶቹን ከሆስፒታሉ ጀርባ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ምድጃ ውስጥ አቃጠሏቸው። ሦስት ቀን ፈጀ። ሽፋኖቹ ወፍራም ስለሆኑ ቶሎ አይያዙም፤ የሚያቃጥለው ሰውዬ በብረት እየገለበጠ፣ «እነዚህ ሰዎች ምን በልተው ነው» ይላል። የመጀመሪያውን ቀን አጠገቡ ቆምኩ። ሁለተኛውን ቀን ሥራ ነበረኝ።

ሥራ አስኪያጁ በአዳራሽ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። ከካርድ ክፍል የቀረነው ሁለት ነን፤ በፈረቃ መስኮቱ ላይ እንቀመጣለን። ስም ስመታ አሥራ ሁለቱ ሳጥኖች በአራት ሴኮንድ ይመጣሉ። ቆጥሬዋለሁ። ድሮ በሩ ድረስ ይሰለፍ የነበረው ሰው አሁን አግዳሚ ወንበሩ እንኳ አይሞላም። ልክ ነበርክ። እጄ ግን ሥራ ፈቷል፤ የት እንደማደርገው ይጠፋኛል።

የድሮው ክፍል ባዶ ነው። ራጁ ገና አልገባም፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ አይችለውም ተብሎ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ ነው። ግድግዳው መደርደሪያዎቹ በነበሩበት ልክ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

ምን ይላክልህ? አሁን ጊዜ አለኝ፤ ሹራብ ልሥራልህ ይሆን? የደረትህን ልክ ጻፍልኝ።

እህትህ

መጋቢት 9 ቀን

ለወንድሜ፤

የላክኸው የደስታ መግለጫ ካርድና የደረትህ ልክ ደርሶኛል። ሰላምታዬ ይድረስህ።

አናጢው ሞተ።

መጋዝ እጁን ቆርጦት፣ ከቀናት በኋላ አመርቅዞበት፣ የካቲት 21 ቀን ከምሳ በኋላ ነው የመጣው። ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ይቃዥ ነበር፤ መናገር አይችልም። የመስኮቱ ሠራተኛ በአራት ሴኮንድ ስሙን አገኘችው። ነርሷ ስክሪኗ ላይ አየች፤ አሥራ ሁለቱም ሳጥን ሞልቷል፤ ስለ መድኃኒት የሚል ነገር የለም። ፔኒሲሊን ወጉት። ሩብ ሰዓት አልቆየም።

ያቺ ነርስ አዲስ አይደለችም። ዘጠኝ ዓመት ከእኔ ካርድ ስትቀበል የኖረች ናት። «ቀይ ሳላይ ስቀር የለም ማለት ነው ብዬ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሥራ አልገባችም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሥራ አስኪያጁም ከአባላቱ አንዱ ነው። ባለ ላፕቶፑ ውሉን አቀረበ፤ አሥራ ሁለት ይላል። ሥራ አስኪያጁ የእኔን ፊርማ አቀረበ። ለእኔ የቀረኝ አንተ ነህ። በግምት እንዳልፈረምኩ፣ ባለሙያ ጠይቄ እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ። «በጽሑፍ ይምጣ» አሉ።

ስለዚህ አንድ ነገር ላክልኝ። በምትሠራበት ድርጅት ወረቀት ላይ፣ ማኅተም ያለበት፣ ይህ በሙያው የታወቀ አሠራር መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ። ሚያዝያ 12 ቀን ይቀርባል። ካልቀረበ ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩን ለፖሊስ እንመራዋለን ብለውኛል።

ሹራቡ አንድ እጅጌ ቀርቶታል።

እህትህ

መጋቢት 30 ቀን

ለእትዬ፤

ፈጣሪ ያጽናሽ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ እህል አይወርድልኝም።

ማኅተሙን በሚመለከት፣ እዚህ ድርጅቶች ለውጭ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት አይሰጡም። ደንቡ ይከለክላል። አለቃዬን ለመጠየቅ እየሞከርኩ ነው፤ ግን ሰሞኑን ፈረቃ ተቀይሮ ልንገናኝ አልቻልንም። እስከዚያው ጠበቃ ብትይዢ ጥሩ ነው፤ የሚያስፈልገውን እልካለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እንቅልፍ ትተኛለሽ?

ወንድምሽ

ሚያዝያ 18 ቀን

ለወንድሜ፤

ደብዳቤህ ሚያዝያ 13 ደረሰኝ፤ ቀጠሮው ባለፈ ማግስት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግ ሰው ነው፤ እስከ ግንቦት 25 ጨመረልኝ።

ገንዘብ አልጠየቅኩህም። ጠበቃም አልፈልግም። ማኅተሙም ይቅር።

ሁለት መስመር ብቻ ጻፍልኝ። ሙሉ ስምህን፣ የሥራ መደብህን። «ታኅሣሥ 5 ቀን ፈርሚ ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ» በል። የአንተ የታኅሣሥ ደብዳቤ እጄ ላይ አለ፤ አሳይቻቸዋለሁ። ሰብሳቢው አነበበና መነጽሩን አውልቆ፣ «በሙያችን ይላል፤ ሙያው ምንድን ነው?» አለኝ። «ኢንጂነር ነው» አልኩ። «የምን ኢንጂነር?» አለኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ጠይቄህ አላውቅም ለካ።

የምን ነህ?

እህትህ

ግንቦት 6 ቀን

እትዬ፤

የሥራ መደቤ ዕቃ አንሺ ነው።

ሕንፃው እንዳልኩሽ ነው፤ ጫፉ አይታይም። ሥርዓቱም እንዳልኩሽ ነው። እኔ ግን የማዘው ሰው አይደለሁም፤ የምታዘዘው ነኝ። ክንዴ ላይ የታሰረች ትንሽ ስክሪን አለች። የመደርደሪያ ቁጥር ታሳየኛለች፤ ሄጄ ካርቶኑን አነሳለሁ፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር በብርሃኗ አስነብባታለሁ፤ ሌላ ቁጥር ታሳየኛለች። ከዘገየሁ ትጮሃለች። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። አለቃዬን ላገኘው አልቻልኩም ያልኩሽ እውነት ነው፤ አለቃዬ እሷ ናት። ሰው የሆነ አለቃ በዓመት ሁለቴ አያለሁ።

መጀመሪያ ላይ ውሸት አልነበረም። የመጣሁበት ዓመት የማታ ትምህርት ተመዝግቤ ነበር፤ «የመረጃ ሥርዓት መግቢያ» የሚባል። ያን ጊዜ ነው ኢንጂነር ልሆን ነው ብዬ የጻፍኩልሽ። ሁለት ወር ተማርኩ። ከዚያ ፈረቃው ከትምህርቱ ሰዓት ጋር ገጠመ፤ አቆምኩ። «ልሆን ነው» ያልኩትን አንቺ ለሰፈሩ «ሆነ» ብለሽ ነገርሽ። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ እንዴት እንደተደሰትሽ ጻፍሽልኝ። ላርመው ፈለግኩ። ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ለማረም ረፍዶ ነበር።

የትምህርቱ መጽሐፍ እጄ ላይ ቀረ። አምስቱ ነገሮች፣ ዳታና መረጃ፣ ሁሉም ከእሱ የተገለበጡ ናቸው። አንድ መረጃ አንድ ቦታ ይቀመጥ የሚለው አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ያነበብኩት እስከዚያ ነው። «ሳጥን ያልሠሩለት ነገር አያስፈልግም» የሚለው ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም። ከራሴ ነው። የመጋቢት ደብዳቤሽ ሲመጣ የቀረውን አነበብኩ። ዘጠነኛው ምዕራፍ ከአሮጌ ሥርዓት ወደ አዲስ ስለመሻገር ነው። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ለወራት ይሥሩ ይላል። አሮጌውን ከማጥፋት በፊት በእጁ የሚሠራበትን ሰው ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁ፤ በደንቡ ያልተጻፈ ነገር እሱ ጋ አለ ይላል። አንድ ገጽ ተኩል ነው። በአሥር ደቂቃ ይነበባል።

አላወቅኩም ማለት እችል ነበር። የኅዳር ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ወንበሬ ላይ ሆኜ ይዤው፣ አላውቅም ብዬ ልጽፍ ብዕር አንስቼ ነበር። ከዚያ «መምህሬ» ያልሽኝን ደግሜ አነበብኩት።

ይህን ደብዳቤ ለኮሚቴው ስጪ። ሙሉ ስሜን በወረቀቱ ጀርባ ጽፌያለሁ፤ ፈርሜያለሁ። በእኔ ይጨርሱት። ይቅርታ ለመጠየቅ ወረቀቱ አይበቃም፤ እኔም አፍ የለኝም።

ወንድምሽ

ሰኔ 2 ቀን

ለወንድሜ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ ግንቦት 23 ደረሰ። ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት።

ለኮሚቴው አልሰጠሁትም። ሲጠይቁኝ ግን እውነቱን ተናገርኩ። ሰብሳቢው፣ «የወንድምሽ ሥራ ተጣራ?» አለ። «መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሳል» አልኩ። ከአባላቱ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ አፉን ያዘ። ጸሐፊዋ ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ አይግባ ብላ ሰብሳቢውን አየችው። «ጻፊው» አልኳት እኔው። ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው ጠረጴዛውን ነው ያየው።

ፖሊስ ዘንድ አይሄድም ብለዋል። ከካርድ ክፍል ተነስቼ አንሶላ ማደያ ተመድቤያለሁ። ንጹሑን እሰጣለሁ፣ ቆሻሻውን እቀበላለሁ። ሥራው ከባድ አይደለም።

አሥራ ሦስተኛ ሳጥን ተጨምሯል። ባለ ላፕቶፑ መጥቶ ሲሠራው በር ላይ ቆሜ አየሁት። ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። «የማይስማማ መድኃኒት» ይላል። ከዚያ ምን ይሞላበት? ካርዶቹ የሉም። ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ስልሳ አራት ሰው ነው። አናጢውን ሳልቆጥር ሁለት መቶ አርባ ሰባቱ የትም አሉ፤ ራሳቸውን የሚያውቁ ያውቃሉ፣ የማያውቁ አያውቁም። አንድ ቀን ይመጣሉ።

አንተ እውነቱን ስለጻፍክ እኔም ልጻፍልህ። በመጋቢት የጻፍኩልህ የመስኮቱ ሠራተኛ እኔ ነበርኩ። ፈረቃው የእኔ ነበር። ሚስቱ ደግፋው መጣች፤ እሱን ወደ ውስጥ ወሰዱት፤ እሷ መስኮቱ ጋ ቆመች። ስሙን ነገረችኝ፣ መታሁት፣ በአራት ሴኮንድ መጣ። የበራችን አናጢ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ቀይ መስመሩን በገዛ እጄ ያሰመርኩለት ሰው ነው። ካርዱን ይዤው ቢሆን አልሳተውም ነበር። እኔ ግን ያየሁት ስክሪኑን ነው፤ ሳጥኖቹ እንደሞሉ አየሁና «ቀጣይ» አልኩ። ይህን ኮሚቴው አልጠየቀኝም። ሳይጠይቁኝ ነገርኳቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ አልገባም፤ «ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም» አሉ።

ባለፈው እሑድ ሚስቱ ዘንድ ሄድኩ። ቤታቸው ግማሹ ዎርክሾፕ ነው፤ ያልተጋጠመ በር ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ወንበር ሰጠችኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኳት፤ መስኮቱ ላይ የነበርኩትም እኔ ነኝ አልኳት።

«አውቄሻለሁ» አለች። «ያን ዕለትም አውቄሻለሁ። ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ሰላም ሳልልሽ ቀረሁ።»

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ እንዲያው መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችኝ።

«የአያቱን ስም ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ። ስልካችንን ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ። ያ መርፌ እንደማይሆነው እኮ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። እዚያው በሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዳችሁ ብቅ ብላችሁ ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

ከእሑድ ጀምሮ የምመልስላት ነገር እየፈለግኩ ነው። እስካሁን አላገኘሁም። አንተም መልስ እንዳትጽፍልኝ።

እህትህ